የፌንጣ ዱቄት ያለበት መክሰስ፦ ገዢው የማወቅ መብት አለው

ነፍሳትን ስለ መብላት ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጨማድዳለን። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት ነፍሳት ለሁለት ቢሊዮን ያህል ሕዝብ የተለመደ ምግብ እንደሆኑ ገምቷል። አዲስ የሆነው መበላታቸው ሳይሆን መልካቸው መጥፋቱ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ቻፑል፣ ጥቂት ቆይቶም ኤክሶ የተባሉ ኩባንያዎች የደረቀ ፌንጣ ፈጭተው፣ ከቴምርና ከለውዝ ጋር አዋህደው፣ እንደ ቸኮሌት የሚታሸግ መክሰስ አቀረቡ። ዱቄት እግርም ክንፍም ስለሌለው ገዢን አያስደነግጥም። ታዲያ ዓይን የማያየውን ነገር ገዢው በምን ያውቀዋል? በእኔ እምነት የጉዳዩ ቁም ነገር ይኸው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 1997 (እ.ኤ.አ.) በፊት በስፋት ያልተበላ ነገር «አዲስ ምግብ» ይባላል፤ ያለ ፈቃድም አይሸጥም። የቀድሞው ሕግ ግን ከእንስሳት ተለይተው ስለሚወጡ ንጥረ ነገሮች እንጂ ሙሉውን ስለሚበላ ነፍሳት በግልጽ አይናገርም ነበር። የፓሪስ ፖሊስ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ኩባንያ ሙሉ ነፍሳት እንዳይሸጥ አገደ። ክርክሩ እስከ ኅብረቱ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2020 ሙሉ ነፍሳት በአሮጌው ሕግ አይሸፈኑም ሲል ወሰነ። ከጥር 2018 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ደንብ ግን ክፍተቱን ዘግቶታል። በዚሁ ደንብ መሠረት በ2021 ቢጫው የዱቄት ትልና አንበጣ፣ በ2022 የቤት ፌንጣ ተፈቀዱ። በጥር 2023 ደግሞ ቅባቱ በከፊል የወጣለት የፌንጣ ዱቄት ከእህል በሚሠሩ መክሰሶች ውስጥ ጭምር እንዲገባ ተፈቀደ።

ማሸጊያው ላይ ምን እናንብብ?

አንደኛ፣ ጤና። የሸርጣንና የሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ፌንጣም ሊጎዳው ይችላል፤ በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ፕሮቲን አለና። የቤት አቧራ ተባይ አለርጂ ያለበትም እንዲሁ። ስለዚህም በአውሮፓ ይህ ማስጠንቀቂያ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል።

ሁለተኛ፣ እምነት። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የአንበጣ ወገኖችን ለይቶ ሲፈቅድ ሌሎቹን በራሪ ነፍሳት ይከለክላል። በእስልምናም አንበጣ የተፈቀደ ሲሆን በሌሎቹ ነፍሳት ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ። የዱቄት ትሉ ደግሞ የጥንዚዛ እጭ እንጂ የአንበጣ ዘመድ አይደለም። በመሆኑም «የነፍሳት ፕሮቲን» የሚል ድፍን አነጋገር አይበቃም፤ የኅብረቱ ሕግም የዝርያው ስም እንዲጠቀስ ያዛል። በአውሮፓ የሚኖር ጿሚ ወገናችንም ዝርያውን ካወቀ በኋላ ነው የንስሐ አባቱን መጠየቅ የሚችለው።

ሦስተኛ፣ ኪስ። የደረቀ ፌንጣ በፕሮቲን የበለጸገ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መክሰሱ በአብዛኛው ቴምርና ለውዝ ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ክብደቱ ከሚበልጠው ጀምሮ ነው፤ በምርቱ ስም ላይ ፌንጣ ከተጠቀሰም መጠኑ በመቶኛ መገለጽ አለበት። ፌንጣው ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ከተገኘ፣ ገዢው የከፈለው በአብዛኛው ለቴምር ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ከ2019 እስከ 2021 አገራችንን የወረረውን አንበጣ ለምን አልበላነውም?» የሚል አይጠፋም። ያ መንጋ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሲረጭበት የነበረ ነው፤ መርዝ የነካውን አንበጣ መብላት አደገኛ ነው። በአውሮፓ ለገበያ የተፈቀደው ግን ለምግብነት ተብሎ፣ በቁጥጥር ሥር የረባ ነው።

ፌንጣ መብላትም አለመብላትም የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው፤ የአውሮፓም ፈቃድ ማንንም አያስገድድም። ሆኖም ምርጫ ምርጫ የሚባለው ሰው የሚጎርሰውን ሲያውቅ ነው። ሳያውቅ የጎረሰ ሰው አልመረጠም፤ ሌላ ሰው መርጦለታል።