ከምረቃው በኋላ፦ የመንገዶቻችን የጥገና ታሪክ

የአዲስ አበባ መንገድ ታሪክ ሲነሳ «የሰርኪስ ባቡር» ሳይጠቀስ አይታለፍም። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው ይህ በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ፣ የባቡር ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ቀሪውን መንገድ በሰው ጉልበት ጭምር እየተጎተተ ነው ዋና ከተማው የደረሰው። መዳመጫውን ማን እንዳመጣው እናውቃለን፤ በተዳመጠው መንገድ ዳር በየክረምቱ ቦይ የጠረገው ማን እንደሆነ ግን የጻፈልን የለም። ትዝታችን ከምረቃው ላይ ይቀራል። የመንገዶቻችን ያለፈ ታሪክ በበኩሉ ደጋግሞ የሚያሳየን፣ የመንገድ ዕድሜ የሚለካው ከምረቃው በኋላ ባገኘው ጥበቃ መሆኑን ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሆነው ነው። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚለካ መንገድ ዘርግቶ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። መንገዱ ቀረ፣ የሚንከባከበው ግን አልነበረም። በጀትም፣ መሣሪያም፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ መሥሪያ ቤትም ባለመኖሩ ጥቂት ክረምቶች ብዙውን አበላሹት። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ስትበደር፣ ዋናው ጉዳይ የተበላሸውን መንገድ ማደስና የሚጠብቀውን ድርጅት ማቆም ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። ያለጠባቂ የቀረው መንገድ፣ አንዴ የተሠራውን እንደገና ለመሥራት አገሪቱን ዕዳ ውስጥ አስገባት።

ጥፋቱ የሚመጣበት መንገድ በከተማም ያው ነው። ቦዩ በደለልና በፌስታል ሲደፈን ጎርፉ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር የተደለደለውን ጠጠር ያላላዋል፤ በላዩ የሚያልፈው ከባድ መኪና የላላውን ይጫነውና አስፋልቱ ተሰብሮ ይጎደጉዳል። ስንጥቁን በጊዜው በሬንጅ መድፈን ቀላል ሥራ ነበር። ሥሩ ከራሰ በኋላ ግን ቆፍሮ አውጥቶ ከመሠረቱ መሥራት ይጠይቃል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እየታገዘ በከተሞቻችን የተስፋፋው ኮብልስቶን ለዚህ ችግር በከፊል መልስ ይዞ መጥቷል። ጥቁሩን ድንጋይ ወጣቶች በመሮና በመዶሻ ጠርበው፣ በተደለደለ አሸዋ ላይ አንድ በአንድ እያጋጠሙ ይደረድሩታል። የውሃ ቧንቧ ለመቅበር ሲፈለግ ድንጋዩ ይነሳና ተመልሶ ይነጠፋል፤ አስፋልት ግን ከተቆረጠ ጠባሳው አይጠፋም። ሆኖም ኮብልስቶን ጥገና አይፈልግም ማለት አይደለም። ቧንቧውን የቀበረው ሠራተኛ አፈሩን ሳይጠቀጥቅ፣ አሸዋውን ሳያስተካክል ድንጋዩን ከመለሰው መንገዱ በአንድ ክረምት ይሰምጣል። ድንጋዩን በጥንቃቄ የሚመልስ ሰው ከሌለ ጥንካሬው ብቻውን ፋይዳ የለውም።

«መንገድ ያልደረሰው ሰፈር ሞልቶ ሳለ ስለ ጥገና ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። መንገድ የናፈቀው ሰው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አሮጌው እየፈረሰ አዲስ የሚሠራ ከተማ ከዓመት ዓመት እዚያው ይረግጣል፤ ለአዲሱ ሰፈር ሊውል የሚገባውን ገንዘብም ነባሩ መንገድ ይበላበታል። ሌላው ክርክር «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። ይህንን ለመፍታት በ1989 ዓ.ም. ዋና ገቢው ከነዳጅ የሚሰበሰብ፣ ለጥገና የሚውል የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ገንዘብ የግድ ያስፈልጋል፤ የሚበቃም ላይሆን ይችላል። ትናንት የተነጠፈ አስፋልት ዛሬ ለቧንቧ ወይም ለኬብል ሲቆረጥ ግን ጉድለቱ የበጀት አይደለም፤ የውሃው፣ የመብራቱ፣ የቴሌውና የመንገዱ መሥሪያ ቤቶች ከንጣፉ በፊት አለመነጋገራቸው ነው። ስለዚህ አንድ የከተማ መንገድ ሲመረቅ ርዝመቱና ስፋቱ በሚነገርበት መድረክ ላይ፣ የዓመት የጥገና በጀቱ፣ ቦዩን የሚጠርገው ክፍልና ከሥሩ የሚቀበሩት መስመሮች አብረው ሊነገሩ ይገባል። እነዚህ ያልተሟሉለት መንገድ፣ ሪባኑ ቢቆረጥለትም፣ ሥራው ተጠናቋል ሊባል አይችልም።