ፕሮግራም የተጫነበትን ኮምፒውተር እንዴት ያውቃል?

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ላሉ መሥሪያ ቤቶች የሰርተፍኬት ማተሚያ ፕሮግራም ስጠግን በብዛት የሚያጋጥመኝ አቤቱታ አንድ ነው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ይደወልና «የሠልጣኞቹ ስም በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ» ይባላል። ምረቃው ነገ ነው። የኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ስንት እንደሆነ ስጠይቅ «አዲሱ ነው» ከሚለው አልፎ የሚነግረኝ ሰው ጥቂት ነው። ጸሐፊዋም ይህን የማወቅ ግዴታ የለባትም፤ ማወቅ ያለበት ፕሮግራሙ ነው።

የአማርኛ ፊደል ጉዳይ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቨርዥን ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቢካተትም፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ እሱን የሚያሳይ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ተጠቃሚው ራሱ መጫን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ግን ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። «ከቪስታ ወዲህ ከሆነ ኒያላ አለ» የሚለው ደንብ እስከ ዊንዶውስ 8.1 ድረስ ያስኬድ ነበር። በዊንዶውስ 10 ኒያላ እንደ ተጨማሪ ፎንት ተለይቶ የሚጫን ሆነ፤ አማርኛውን የሚያሳየው ኢብሪማ ነው። በመሆኑም ኢንተርኔት ላይ አማርኛው አምሮ ይታያል፣ ኒያላን በፋይል ስሙ የሚጠራው ፕሮግራም ግን አያገኘውም። ያኔ የግዕዝ ፊደል ወደሌለው ፎንት እንዲዞር ተደርጎ ከሆነ የሚታተመው ሳጥን ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ የዊንዶውሱን ቁጥር አይቶ ከመገመት ይልቅ ፎንቱን ራሱን ቢፈልግ ይሻላል። የፋይሉ መኖር ብቻም አይበቃም። ኢብሪማ በዊንዶውስ 7 ላይም አለ፣ የግዕዝ ፊደል የተጨመረለት ግን በዊንዶውስ 8 ነው። ፎንቱን ከፍቶ «ሀ» በውስጡ መኖሯን መመርመር ከሁሉም ይበልጣል።

ቁጥሩም ቢሆን በቀጥታ የሚታመን አይደለም። ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ አንድ ፕሮግራም አዲሱን ሲስተም እንደሚያውቅ በማኒፌስቱ ካላስመዘገበ፣ በተለመደው የድሮ ጥያቄ የሚያገኘው መልስ 6.2 ነው፤ ይህም የዊንዶውስ 8 ቁጥር ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ራሱን የሚያስተዋውቀው 10.0 ብሎ ሲሆን፣ ከ10 የሚለየው የቢልድ ቁጥሩ 22000 ወይም ከዚያ በላይ በመሆኑ ነው። (የማይክሮሶፍት የቁጥር አሰጣጥ የባሕረ ሐሳብ ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል።)

ሁለተኛው ጣጣ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸው ላይብረሪዎች ናቸው። በፓይተን ለተጻፉት ማተሚያዎች ስሙን በሰርተፍኬቱ ምስል ላይ የሚያሳርፈው ብዙውን ጊዜ ፒሎው የተባለው ላይብረሪ ነው። የስሙን ስፋት ለክቶ መሐል ለማዋል ያገለግል የነበረው የቆየ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ቨርዥን 10 ተወግዷል። ባለሙያው አዲስ ኮምፒውተር ላይ የመጨረሻውን ፒሎው ሲጭን፣ በአሮጌው ላይ ያለ እንከን የሚሠራው ፕሮግራም ቀጥ ይላል። አንድ ፊደል እንኳ ሳይነካ!

ፓይተን ከ3.8 ጀምሮ የተጫኑ ላይብረሪዎችን ቨርዥን የሚያነብ መሣሪያ ከራሱ ጋር ይዟል። የሚጠየቀው ላይብረሪው በተጫነበት ስም ነው፤ ፒሎው በኮድ ውስጥ «ፒል» ተብሎ ቢጠራም በዚያ ስም ቢፈለግ አይገኝም። የተገኘው ቨርዥን ሲነጻጸርም እንደ ቁጥር እንጂ እንደ ጽሑፍ መታየት የለበትም። ማቴዎስ 10፥1 ከ9፥5 በኋላ እንደሚነበብ ለእኛ ግልጽ ነው፤ ኮምፒውተር ግን እንደ ጽሑፍ ካየው 1 ከ9 ይቀድማልና 10.0ን ከ9.5 በፊት ያደርገዋል።

እኔ በእጄ በገቡት ፕሮግራሞች ላይ የማደርገው ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት የዊንዶውሱን ቢልድ፣ የፓይተኑን ቨርዥን፣ የፒሎውን ቨርዥንና ያገኘውን ፎንት በአራት መስመር ይጽፋል፤ «ስለ ፕሮግራሙ» የሚለው መስኮትም ያንኑ ያሳያል። የተጠቃሚው ስምና የፋይሎቹ ዝርዝር አይመዘገብም፣ ለጥገናው አያስፈልግምና። ሞጣ ያለችው ጸሐፊ አራቱን መስመር በስልክ ስታነብልኝ መኪና መሳፈር የሚያስፈልገው ጉዳይ መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ኒያላ ብቻ ከጎደለ እዚያው ከዊንዶውሱ አማራጭ ፊቸሮች ውስጥ ተፈልጎ ይጫናል። ፒሎው ከሆነ የተፈተነው ቨርዥን አስቀድሞ በፍላሽ መቀመጥ አለበት፤ ኢንተርኔቱ በዚያን ቀን ስለመኖሩ ማንም ዋስ አይሆንም።