በታደሰ የማዕድን ምድር ላይ የዕፅዋትን ብዝኃነት መመርመር

ይህ ምርመራ ማዕድን ወጥቶበት ዳግመኛ አፈር በለበሰ ምድር ላይ የበቀለውን ዕፅ በዓይነትና በብዛት ቆጥሮ፣ በአጠገቡ ካለው ካልተነካው ደን ጋር የሚያስተያይ የሥነ ዕፅዋት ዘርፍ ነው። ለዚህም ታላቅ ምስክር የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ቦክሳይት የሚቆፈርበት፣ በምዕራብ አውስትራሊያ የሚገኘው ጃራ የተባለው የባሕር ዛፍ ደን ነው። በዚያ ሊቃውንተ ዕፅዋት በገመድ በከለሉት አራት ማዕዘን ቦታ ውስጥ ጎንበስ ብለው ቡቃያውን ሁሉ በየስሙ ይመዘግባሉ፤ የዓይነቶቹን ኆልቍ ብቻ ሳይሆን አንዱ ዓይነት በሌላው ላይ ምን ያህል እንደ ሠለጠነም ያሰላሉ፤ በግራር ብቻ የተሸፈነ ምድር ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ቢመስልም በብዝኃነት ድኻ ነውና። ቁጥሩ ከደኑ ቁጥር ጋር 100 በመቶ ቢተካከል እንኳ፣ ዝርዝሩ ስም በስም ሳይመሳከር ደኑ ተመለሰ ማለት፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አብዛኛው ዘር በላይኛው ስስ አፈር ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖር፣ ያ አፈር ተከምሮ ሳይቆይ ከአዲሱ ቁፋሮ በቀጥታ ወደሚታደሰው ስፍራ ሲዛወር የሚበቅለው ዓይነት ይበዛል፤ አንዳንዱም ዘር፣ እጅግ የሚደነቅ ነገር ነው፣ የቃጠሎ ጢስ ካላገኘው ከእንቅልፉ አይነቃም። ከእሳት በኋላ ከሥሩ የሚያቈጠቍጠውና ዘሩ ጥቂት የሆነው ዕፅ ግን ከአፈሩ ጋር ስለማይመለስ፣ በችግኝ ጣቢያ ተባዝቶ በእጅ ይተከላል።