ዱቄቱ፣ ወፍጮውና የአንኮበር ጠመንጃ

ጎረቤላ ላይ ሻይ እየጠጣን ነበር። ወዳጄ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው፤ ሥራው ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የአማርኛ ፊደል ግድፈት የሚያርም ትንሽ ፕሮግራም ከሠራ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሚያከፋፍለው በነጻ ነው። ብርዱ ሲጠነክርብን ወደ ውስጥ ገባን፤ ላፕቶፑን ከፈተና «አንተ ሁልጊዜ ታሪክ ታሪክ ትላለህ፤ እስቲ ይሄን ፍረድልኝ። ኮምፓይለሩን ግዴታ ላድርገው ወይስ እንደ ፈቃዳቸው ልተወው?» አለኝ።

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። እሱ ግን ሲያስረዳ ይችልበታል። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ወስዶ ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። በእኛ ቤት ምሳሌ ኮዱ እህል፣ ኮምፓይለሩ ወፍጮ፣ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ዱቄት ነው እንበል። ስታከፋፍል ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ራስህ ፈጭተህ ዱቄቱን ትሰጣለህ፣ ወይ እህሉን ሰጥተህ «ቤትህ ወስደህ ፍጨው» ትላለህ። ሁለተኛውን ካልክ ተቀባዩ ሁሉ ወፍጮ ሊኖረው ነው።

ወዳጄ የፕሮግራሙን ከባድ ክፍል ራስት በሚባለው ቋንቋ እንደ አዲስ ጽፎታል። ፍጥነቱ ጨምሯል፣ በየጊዜው የሚበላሸው ነገርም ቀንሷል። ችግሩ የራስት ኮምፓይለር ከነግሳንግሱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት መሆኑ ነው፤ የእሱ ፕሮግራም አምስት ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። (በእኛ አገር «ፓኬጅ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የሶፍትዌሩ ሳይሆን በካርድ የምንገዛው የኢንተርኔቱ መሆኑን አትርሱ።) «ታዲያ ለምን ዱቄቱን አትሰጥም?» አልኩት። «ለየማሽኑ ለየብቻ መፍጨት አለብኝ። ደግሞ እኔ ብቻ ከፈጨሁት እኔ የተውኩ ቀን ሁሉም አበቃለት፤ የሚጠግነው ሰው አይኖርም» አለኝ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልሆነም ነገረኝ። ብዙ የፓይተን ፕሮግራሞች ምስጢር ለመቆለፍ የሚጠቀሙበት «ክሪፕቶግራፊ» የሚባል ፓኬጅ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ስሪት 3.4 ሲወጣ፣ ከኮዱ መፍጨት ለሚፈልግ ሰው የራስት ኮምፓይለር አስፈላጊ ሆነ። የሠሪዎቹ ምክንያት ቀላል የሚባል አልነበረም፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ በማስታወሻ አያያዝ ስህተት ለጥቃት ይጋለጣል፣ ይህ ደግሞ የምስጢር ቁልፍ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሆኖም በዚያው ሳምንት በየአገሩ የሰዎች ሥራ ቆመ። ዱቄት የተዘጋጀላቸው ምንም ሳይሰማቸው አለፉ፤ እንደ አልፓይን ሊኑክስ ያለውን የሚጠቀሙት፣ በጊዜው የተፈጨ ያልቀረበላቸው፣ ድንገት ወፍጮ ፍለጋ ወጡ። አንዳንድ አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ የራስት ኮምፓይለር ጭራሽ አልነበረም። በመጀመሪያው ስሪት ላይ ማጥፊያ ቁልፍ ተተወላቸው፤ በዚያው ዓመት በወጣው ስሪት 35 እሱም ተነሣ።

እኔም «ይሄ ሙግት እኮ እዚህ ከፊታችን ባለው ኮረብታ ላይ አንድ ጊዜ ታይቷል» አልኩት። የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ማለቴ ነበር። ሳቀብኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን፣ ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1813 እስከ 1847 ገዙ። ከእንግሊዞች ጋር ሲጻጻፉ የጠየቁት ጠመንጃና መድፍ፣ በአገራቸው የሌለ የእጅ ሥራም ነበር። ካፒቴን ሃሪስ በ1841 ስጦታውን ጭኖ መጣ፣ ኖቬምበር 16 ቀን አንጎለላ ላይ ውል ተፈረመ። ሃሪስ በመጽሐፉ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ የአይራራ ወንዝ ወፍጮ ነው። ድሜጥሮስ የሚባል የአልባኒያ ሰው ለንጉሡ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠራ። ብዙ ሳይፈጭ ግን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉና ቆመ።

ይህን ታሪክ ካህናቱ ላይ ለመሳቅ የሚያነሡት ብዙ ናቸው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ወፍጮው ሲቆም በቤተ መንግሥቱ የራበው ሰው አልነበረም፤ ሴቶች በእጃቸው መፍጨታቸውን ቀጠሉ። በእጅ የሚፈጭ እስካለ ድረስ አዲሱ ወፍጮ «ግዴታ አይደለም» ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን «ግዴታ አይደለም» ያለው ሰው አይደለም፣ ወፍጮ ላይ የተንበረከከችው ናት። ይህን ስል ወዳጄ ዝም አለ። ለካ እሱም አሮጌውን የፓይተን ኮድ ለማንም እንዳይቸግር ብሎ አልጣለውም፤ ማታ ማታ ሁለቱንም እያስተካከለ ኖሯል። ሁለት ጊዜ ይፈጫል።

ወደ ጠመንጃው እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

በሣህለ ሥላሴ ዘመን የነበረው ነፍጥ በአብዛኛው ክር ለኩሰው የሚተኩሱት ነበር። እንዲህ ያለው ነፍጥ ምግቡ ባሩድና እርሳስ ነው። ባሩድ ደግሞ ከሦስት ነገር ይሠራል፤ ከከሰል፣ ከድኝና ከአፈር ተነጥሮ ከሚወጣ ጨው። ድኙ ከአንኮበር ገደል ግርጌ ከአፋር ቆላ ይመጣል፣ ከሰሉ ከደጋው። ጠመንጃው የባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስጮኸው ነገር ግን እዚሁ ይወቀጣል። ጭሱ ይበዛል፣ አንዳንዴም ይከሽፋል፣ ነገር ግን ጅቡቲ ላይ ማንም በር ቢዘጋበት ዝም አይልም።

ከዚያ የአውሮፓ ጠመንጃ ተለወጠ። ባሩዱ፣ እርሳሱና መለኮሻው አንድ ላይ በነሐስ ቀፎ ታሸገና ጥይት ሆነ። በፌብሩዋሪ 1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው፣ ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ገባ። ግመሎቹ የጫኑት ከ2,000 በላይ አሮጌ ባለካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግቶን ጥይት ነበር። ይህን ጭነት ልብ በሉት። ጠመንጃ የሚጠገን ዕቃ ነው፤ የሰበረውን ያገሬ ብረት ሠሪ ያበጀዋል። ጥይት ግን ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ቀፎው በልኩ ካልተሳበ ጠመንጃው አይቀበለውም። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር፣ ለበን 8 ሚሊ ሜትር፣ ሰናድር ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስሞቹን በአንድ ትውልድ አማርኛ አደረግናቸው፣ ፉዚ ግራን ውጅግራ፣ ስናይደርን ሰናድር አልን። ጥይቱን ግን አማርኛ ማድረግ አልቻልንም። በየገበያው ጥይት እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የነበረውም ቤታችን ስላልተሠራ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ይህንን ከሁሉም ቀድመው አይተውታል እላለሁ። በ1855 ሸዋን ይዘው ትንሹን ምኒልክን ወሰዱ። ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ እነ ዋልድማየርን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር፤ «መጀመሪያ መድፍ» ተባሉ። ወፍጮውን ግዴታ ማድረግ ማለት ይህ ነው፤ ያለ ሠሪው ዕቃውን አልቀበልም ማለት። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጣ፤ ለወራት በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1868 መቅደላ ደረሰ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት ቅጂው ነው፣ ዋናው እዚያው ተራራ ላይ ነው። የእንግሊዝን ጦር ግን አላስቆመም። ከመቅደላ በኋላ ባለሙያዎቹ ከናፒየር ጋር ወጡ፣ ጋፋትም ጸጥ አለች። መጀመሪያ የተነጠቀው ሠራዊት ገበሬ ነበር፣ መንገድ የጠረገው ገበሬ ነበር፣ መድፉን የጎተተው ገበሬ ነበር። ወፍጮ ለሁሉም ግዴታ ሲሆን ሸክሙ እንዲህ ይከፋፈላል።

ምኒልክ ከመቅደላ በ1865 አምልጠው አንኮበር ሲገቡ ይህን አይተው ነው የመጡት። ሌላውን መንገድ መረጡ። የተፈጨ ገዙ። ከፈረንሳይ ገዙ፣ ከጣሊያን ገዙ፤ ከጣሊያን ከራሷ በስጦታም በግዢም ጥይት አገኙ። ስዊሱን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን በ1879 እዚሁ አንኮበር ተቀብለው ብዙ ዓመት አሠሩት፣ ግን የጦሩን ዕድል በእሱ መዶሻ ላይ አልጣሉም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጤቱ ታየ። ስለዚህ «ዓሣ ከምትሰጠኝ ማጥመድ አስተምረኝ» የሚለውን ምክር አድዋ ላይ ይዛችሁ አትሂዱ። በዚያ ቀን የተገዛው ዓሣ ነው ያዳነን።

እዚህ ላይ ባቆም ወዳጄ ደስ ይለው ነበር፤ ዱቄቱን ሰጥቶ መገላገል ነው። ግን ከአድዋ አርባ ዓመት ሳይሞላ 1935 መጣ። ጣሊያን ልትወረን ስትሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። እኩል ነው አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ እኛ ያለን የሌላ ሰው ፋብሪካ ደረሰኝ ነው። ክልከላው ለእኛ የተነሣው በኦክቶበር፣ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ የተገዛው ጠመንጃ ብዙ ነበር፣ ዓይነቱም ብዙ ነበር። ሻጩ «ዛሬ አልሸጥም» ያለ ቀን የጎደለው ጥይት ነው።

«እና ማን ትክክል ነው?» አለኝ፤ ትዕግሥቱ እያለቀ ነበር።

ለእኔ ቴዎድሮስ የተሳሳቱት ወፍጮ በመፈለጋቸው አይደለም፣ እያንዳንዱን ዱቄት ተቀባይ ባለወፍጮ በማድረጋቸው ነው። ከምኒልክ በኋላ የመጣነው የተሳሳትነው ደግሞ ዱቄት በመግዛት አይደለም፤ ወፍጮውን የሚያውቅ ሰው በአገር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ሳንጠይቅ አርባ ዓመት በመቀመጣችን ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ተጠቃሚው ኮምፓይለር ይኑረው ወይ? አንድ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ኮምፓይለር ያለውና የሚችልበት ሰው ይኑር ወይ? ሁለት። ለመጀመሪያው አይ፣ ለሁለተኛው አዎ ማለት ይቻላል።

ሠሪ የነበረን ጊዜስ ምን አደረግነው? ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ አልነው፣ ቡዳ አልነው፣ ማዕድ አልቆረስነውም። ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ሸክላ ከምትሠራ ሴት ቤት ውኃ እንዳልጠጣ ተመክሬያለሁ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጅ ማውጣት ያስፈለጋቸው ስድቡ የት ደርሶ እንደነበር አስቡት። ዋናው ኮምፓይለር ሰው ነው፤ እሱን ከቤታችን አስወጥተን ነው ጥይት ፍለጋ ታጁራ የወረድነው።

ወዳጄ በነጋታው ደወለ። ለዊንዶውስና ለስልክ የተፈጨውን ያቀርባል፤ ኮምፓይለር የሚያስፈልገው ከኮዱ ተነሥቶ መሥራት ለሚፈልግ ብቻ ነው። አሮጌውን የፓይተን ኮድ ከስድስት ወር በኋላ ይጥለዋል፤ ሁለት ጊዜ መፍጨት ሰለቸኝ አለ። አንድ ነገር ግን ግዴታ አድርጓል፦ ከእሱ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሰው ከኮዱ ተነሥቶ በራሱ ማሽን ፈጭቶ ካልሞከረው አዲስ ስሪት አይወጣም። ሁለቱን ልጆች አግኝቷል፤ ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው፣ ሁለቱም ኮምፓይለሩን ለማውረድ የሚበቃ ፓኬጅ መግዣ የላቸውም። በፍላሽ ገልብጦ ሊሰጣቸው ቅዳሜ ቀጥሯቸዋል።