እምብዛም የማያጋጥሙ የዐይን ቆብ ካንሰሮች

እምብዛም የማያጋጥሙ የዐይን ቆብ ካንሰሮች በቆቡ ቆዳና ቅባት አመንጪ ዕጢዎች ላይ የሚነሡ አደገኛ ዕጢዎች ናቸው። ዋነኞቹ ሴባሺየስ ካርሲኖማ፣ መርክል ሴል ካርሲኖማና ሜላኖማ ይባላሉ። በነጮች ዘንድ ከዐይን ቆብ ካንሰሮች 90 ከመቶ ያህሉ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ሲሆን፣ እሱ ወደ ሌላ አካል የሚዛመተው ከስንት አንዴ ነው። እነዚህ ሦስቱ ግን ይዛመታሉ፤ ይገድላሉም። የታማሚው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ሕመሙ ቶሎ በመታወቁ ወይም በመዘግየቱ ነው።

ዓይነቶችና ምልክቶች

ሴባሺየስ ካርሲኖማ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዐይን እርጥበት ቶሎ እንዳይደርቅ ቅባት ከሚያመነጩት የማይቦሚያን ዕጢዎች ነው። እነዚህ ዕጢዎች በላይኛው ቆብ ስለሚበዙ ካንሰሩም እዚያ ይበዛል። ይበልጥ የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ነው። ጠጠር ያለ፣ የማያምም፣ ቢጫማ እብጠት ሆኖ ስለሚጀምር ብጉንጅ ይመስላል። አንዳንዴም ያለ እብጠት የቆቡን ጠርዝ ለወራት አቅልቶ ይቆያል።

መርክል ሴል ካርሲኖማ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ እብጠት ነው። ቶከር የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ገለጹት፤ በ2008 ደግሞ ከአብዛኞቹ የመርክል ሴል ዕጢዎች ጋር የተያያዘ ቫይረስ ተገኘ።

በሐረር

በሐረር ከተማ፣ በጁገል ግንብ ውስጥ ያለው ፈረስ መጋላ፣ የቀድሞው የፈረስ ገበያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቅ በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ጨረሩ ስኳመስ ሴል ለተባለው የቆብ ካንሰር፣ ለመርክል ሴልም ያጋልጣል፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ።

ካንሰሩ በያዘው ቦታ ሽፋሽፍት ይረግፋል። ኩል የምትኳል ሴት በመስታወቷ ፊት ከማንም ቀድማ ይህን ልታይ ትችላለች። ትራኮማ ባለበት አገር ግን የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በወረንጦ መንቀል የተለመደ ስለሆነ፣ የረገፈው ከተነቀለው ሳይለይ ይታለፋል።

ምርመራና ሕክምና

ማረጋገጫው ባዮፕሲ ነው፦ ከእብጠቱ የተቆረጠ ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። ዋናው ሕክምና ዕጢውን ከዙሪያው ጤናማ ሥጋ ጋር ቆርጦ ማውጣት፣ ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥና ቆቡን መልሶ መሥራት ነው። ዕጢው ወደ ዐይን ጎድጓዳ ከገባ ዐይኑን እስከ ማውጣት ይደረሳል። በሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሉ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባለው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ለሐረር ታማሚ መዘግየት ማለት ይህም መንገድ ነበር።

የመዳን ተስፋ

በሴባሺየስ ካርሲኖማ በቀደሙት ጊዜያት እስከ 30 ከመቶ የሚደርሱ ታማሚዎች እንደሚሞቱ ተመዝግቧል፤ ቶሎ ሲደረስበት ግን ሞቱ ከ10 ከመቶ በታች ወርዷል። ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ ሁለቱንም ቆቦች የያዘ ወይም በጆሮ ፊትና በመንጋጋ ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች የደረሰ ዕጢ ተስፋውን ያጠብበዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ለዓመታት ክትትል ያስፈልጋል።

ስለዚህ በዐዋቂ ሰው ቆብ ላይ እዚያው ቦታ ተመልሶ የመጣ ብጉንጅ በቅባት መድኃኒት ብቻ ሊታለፍ አይገባም፤ ናሙናው ሊመረመር ይገባል።