ክፍል-አልባ ትንተና፦ ውድ ፈቃድ የማይጠይቅ ስሌት

አንድ ሰው መድኃኒት ከወሰደ በኋላ በየተወሰነ ሰዓት ደም ይቀዳለታል፤ በእያንዳንዱ ናሙና ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠንም ይለካል። ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ተነሥቶ ሰውነት ለመድኃኒቱ ምን ያህል እንደተጋለጠና መድኃኒቱ በምን ፍጥነት ከደም እንደሚወጣ ማስላት «ኖንኮምፓርትመንታል አናሊሲስ» ይባላል። በአማርኛ «ክፍል-አልባ ትንተና» ብንለው ያስኬዳል። ሌላኛው የትንተና ስልት ሰውነትን በሐሳብ ይከፋፍላል፤ ደሙን አንድ ክፍል፣ የቀረውን አካል ሌላ ክፍል አድርጎ መድኃኒቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበትን ፍጥነት በቀመር ይገምታል። ይኼኛው ክፍፍሉን ትቶ በተለኩት ነጥቦች ላይ ይመሠረታል።

በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የሰርታራ ኩባንያ ፊኒክስ ዊንኖንሊን ነው፤ ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ ሶፍትዌር። መግዛት ያልቻለ ተማሪ ወይም ላቦራቶሪ ስሌቱም የተዘጋበት ሊመስለው ይችላል። ሒሳቡ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም አይርቅም። አር የተባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቴኦፊሊን የተባለውን የአስም መድኃኒት የወሰዱ 12 ሰዎች መረጃ አብሮት ይመጣል። የመጀመሪያው ሰው መጠን በ1.12 ሰዓት በሊትር 10.5 ሚሊግራም ደርሶ ጣሪያውን ይነካል፤ በ12.12 ሰዓት 5.94፣ በ24.37 ሰዓት ደግሞ 3.28 ይሆናል። ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አያይዘን ከመስመሩ በታች የሚፈጠሩትን ትራፔዚየሞች ስንደምር ሰውነት ለመድኃኒቱ ምን ያህል እንደተጋለጠ የሚያሳየው ጠቅላላ ስፋት 148.9 ይመጣል፤ መድኃኒቱ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜም 14.3 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን በወረቀትና በካልኩሌተር መሥራት ይቻላል፤ ማንኛውም ጀማሪ አንድ ጊዜ እንዲሠራውም አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ቦታ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ስፋት በቀጥታ መስመር ሲሰላ 56.5፣ በሎጋሪዝም ሲሰላ 54.9 ነው። ሁለት ፕሮግራሞች የተለያየ መልስ ቢሰጡ አንዱ ተሳስቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተከተሉት ደንብ ተለያይቶ ይሆናል። ስለዚህ አማራጭ ሲመዘን ከዋጋው ይልቅ ደንቡ በግልጽ መታየቱን አስቀድማለሁ። በአር ላይ የሚሠሩት ፒኬኤንሲኤ እና ኖንኮምፓርት ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በዚህ ይበልጣሉ። ፒኬሶልቨር የሚጫነው ኤክሴል ላይ ነው፤ ኮድ ለማይጽፍ ሰው ይቀላል፣ ኤክሴል ራሱ ግን በነፃ አይገኝም። ክፍል ያለው ሞዴል፣ በተለይም የብዙ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ የሚተነትነው ሲያስፈልግ፣ ጉዳዩ ይከብዳል፤ የሚከፈልባቸው ኖንሜምና ሞኖሊክስ አሉ፣ ከነፃዎቹ ኤንኤልሚክስአር2 ይጠቀሳል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2015 ባወጣው ማብራሪያ ለስታቲስቲክስ ትንተና የተለየ ሶፍትዌር እንደማያስገድድ፣ ጥቅም ላይ የዋለው ግን ከነስሪቱ በሰነድ መገለጽ እንዳለበት አስታውቋል። ፈቃድ የሚገዛ ድርጅት ከስሌቱ ጋር የማረጋገጫ ሰነድና የባለሙያ ድጋፍ ያገኛል። ነፃውን የመረጠ ይህን በራሱ ጉልበት ይሸፍናል፦ መልሱ ከሚታወቅ መረጃ ጋር ያመሳክራል፣ ስሪቱን ይመዘግባል፣ የትኛውን የስፋት ደንብ እንደተከተለና መድኃኒቱ በግማሽ የሚቀንስበትን ጊዜ ለማስላት የትኞቹን ነጥቦች እንደወሰደ በሪፖርቱ ይጽፋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ በሚገባ የሚቻል ሥራ ነው። ለመድኃኒት ምዝገባ በየጊዜው መረጃ የሚያቀርብ ድርጅት ግን የባለሙያዎቹን ሰዓት ከፈቃዱ ዋጋ ጎን አስቀምጦ ያስላ።