የይለፍ ቃል፣ ኮንቴይነርና ማኅደር፦ የአንድ ስያሜ ስሕተት ታሪክ

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የደረሰ ጥፋት ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። መሥሪያ ቤቱ የሠራተኞቹን የይለፍ ቃሎች በራሱ ሰርቨር ላይ ለመጠበቅ ቮልትዋርደን የተባለውን ፕሮግራም በኮንቴይነር ተክሎ ነበር። የአሠራር መመሪያውን ወደ አማርኛ ከመለሱት ሰዎች አንዱ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ኮንቴይነርም ሆነ መረጃው የሚቀመጥበትን ስፍራ በአንድ ቃል «ማኅደር» ብለን ሰየምናቸው። መመሪያው ስለ እድሳት ሲናገር «አሮጌው ማኅደር ተወግዶ አዲስ ይተከል» ይል ነበር። ባለሙያው የታዘዘውን ፈጸመ፤ ነገር ግን ከኮንቴይነሩ ጋር መረጃውም አብሮ ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም። የተረፈው በአንዲት ባልደረባ ስልክ ውስጥ የነበረው ቅጂ ብቻ ነው፤ ስልኩ በዕለቱ ከመረብ ውጭ ስለ ነበረ። ስሕተቱ የባለሙያው ሳይሆን የሰያሚዎቹ መሆኑን መሸሸግ አይገባም።

2. የይለፍ ቃል

በኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃል ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ተሠርቶ በ1961 እ.ኤ.አ. ለእይታ የቀረበው ሥርዓት አንድን መኪና ለብዙ ሰዎች የሚያካፍል ስለ ነበረ፣ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ከሌላው መለየት አስፈለገ። ሆኖም ቃሎቹ በግልጽ ተጽፈው ይቀመጡ ነበርና በ1962 እ.ኤ.አ. አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት የመሥሪያ ጊዜ ስላነሰው የቃሎቹን ዝርዝር በሙሉ አሳትሞ ወሰደ።

መድኃኒቱ የተብራራው በ1979 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። በእነርሱ ዘዴ ቃሉ ራሱ አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት የተለወጠው መልኩ ነው። በዚያ ላይ «ጨው» ተብሎ የተሰየመ የዘፈቀደ ቁጥር ስለሚጨመርበት፣ አንዱ ቃል 4096 ልዩ ልዩ መልክ ሊኖረው ይችላል። ስያሜው በአማርኛ እንዳለ «ጨው» ቢባል ምንም አይጎድለውም።

«የይለፍ ቃል» የሚለው ስያሜ ራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። «ይለፍ» የትእዛዝ ግሥ ሲሆን በ«ይለፍ ወረቀት» እንደምናየው ወደ ስምነት ተሻግሯል። «ይግባኝ»፣ «ይቅርታ»ና «ይሁንታ» የተወለዱትም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ስያሜው በቋንቋው ሕግ የበቀለ ስለ ሆነ፣ ሕዝብ በቀላሉ ተቀበለው።

3. ኮንቴይነር

ኮንቴይነር የሚለው ቃል የመጣው ከባሕር ንግድ ነው። በሚያዝያ ወር 1956 እ.ኤ.አ. ማልኮም ማክሊን «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ሣጥኖች ከኒዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ዕቃው በየወደቡ መገልበጡ ቀርቶ፣ ሣጥኑ እንደ ታሸገ ከመርከብ ወደ መኪና ይሸጋገር ጀመር። ቃሉ በአገራችንም ከሣጥኑ ጋር ገብቷል፤ በየሰፈሩ ሱቅ የተከፈተበትን የብረት ሣጥን ሕዝቡ ኮንቴይነር ብሎ ይጠራዋል።

የፕሮግራሙ ኮንቴይነር የዘር ሐረግ ግን ሌላ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኒክስ ሰባተኛ እትም አንድን ፕሮግራም በተወሰነ የመዝገብ ክፍል ብቻ የሚያስቀር ትእዛዝ ተጨመረ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ፍሪቢኤስዲ ይህንኑ «እስር ቤት» ብሎ አሰፋው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስሙን ከወደብ ሠራተኛ የወሰደው ዶከር ዘዴውን ለብዙኀኑ አቀረበ። በዚህ አሠራር «ምስል» የሚባለው የማይለወጥ ቅጂ ነው፤ ኮንቴይነር ደግሞ ከምስሉ ተነሥቶ የሚሠራ፣ ሥራው ሲያበቃ የሚጣል ነው። ሊቆይ የሚገባው መረጃ ከኮንቴይነሩ ውጭ ሊቀመጥ ግድ ይሆናል።

4. ካዝናውን በራስ ሰርቨር መትከል

ቮልትዋርደን በ2016 እ.ኤ.አ. ለወጣው ቢትዋርደን ፕሮግራሞች የሚያገለግል፣ በሌሎች ሰዎች በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረና የአሁኑን ስሙን በ2021 እ.ኤ.አ. ያገኘ የሰርቨር ፕሮግራም ነው። ተከላው አራት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ «ዳታ» የተባለው የኮንቴይነሩ ክፍል በሰርቨሩ ላይ ካለ ቋሚ ስፍራ ጋር መያያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ ግንኙነቱ በምስጠራ የተሸፈነ መሆን አለበት፤ አለዚያ ድር ማሰሻው የምስጠራውን ሥራ አይፈቅድም። ሦስተኛ፣ ሠራተኞቹ ከተመዘገቡ በኋላ የምዝገባው በር ይዘጋል። አራተኛ፣ የቋሚው ስፍራ ቅጂ በየጊዜው ወደ ሌላ መኪና ይወሰዳል። የካዝናው ይዘት የሚመሰጠረው በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ስለ ሆነ፣ ሰርቨሩ የሚያውቀው የተመሰጠረውን ብቻ ነው። ዋናውን የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ከሰርቨሩ ጠባቂ እርዳታ ሊያገኝ አይችልም።

5. የስያሜ ሐሳብ

«ማኅደር» ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የአማርኛው «አደረ» ወንድሙ ነው። ማደሪያ ማለት ነውና የመጽሐፉ የቆዳ መያዣም በዚሁ ስም ይጠራል። መጽሐፍ ከማኅደሩ ወጥቶ ይነበባል፤ ከንባቡም በኋላ ወደ ማኅደሩ ይመለሳል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚጣለው ኮንቴይነር ማኅደር ሊባል አይገባውም፤ መረጃው የሚያድረው በቋሚው ስፍራ ነውና ስሙም የሚገባው ለዚያ ነው። ስለዚህ የሚከተለው ሐሳብ ቀርቧል፦

ኮንቴይነር፦ እንዳለ ይያዝ፤ ሕዝቡ አውቆታልና።
ማኅደር፦ ለቋሚው የመረጃ ስፍራ ብቻ።
ምስል፦ ኮንቴይነር ለሚነሣበት ቅጂ።
ካዝና፦ ለተመሰጠሩት ቃሎች ስብስብ።
የይለፍ ቃል ጠባቂ፦ ለፕሮግራሙ፤ «አስተዳዳሪ» የሰርቨሩ ኀላፊ መጠሪያ ስለ ሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱ።

መመሪያው ዛሬ ታርሟል፤ «አሮጌው ኮንቴይነር ይወገድ፤ ማኅደሩ አይነካ» ይላል። አንድ ስም ለአንድ ነገር ይበቃል የሚለው የሙያችን ደንብ በወረቀት ላይ ሲነበብ የቃላት ጥያቄ ብቻ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን የሰዎችን ንብረት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ መሆኑን አይተናል። አንባብያን ከእነዚህ የተሻለ ስያሜ ቢኖራቸው ሐሳባቸውን በደስታ እንቀበላለን።